13 ኳስ ያባከነው ልጅ

ስቴፈን ከሪን ትልልቆቹ ሲንቁት ትንሿ ኮሌጅ እንዴት አገኘችው?

ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው። ፊቱ የሕፃን ፊት ነው። ማሊያው ትከሻው ላይ ሰፍቶ ሲታይ የታላቅ ወንድሙን ልብስ የለበሰ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ለዴቪድሰን ኮሌጅ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሊያደርግ ከኢስተርን ሚቺጋን ጋር ሜዳ ገባ። ከዚያ የሆነው ነገር ግን ለማየትም የሚያሳዝን ነበር። ኳስ ይቀበላል፣ ይቀማል። ያቀብላል፣ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ያንጠባጥባል፣ ከእጁ ያመልጠዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ሲቆጠር ልጁ ብቻውን 13 ኳስ አባክኗል።

13! አንድ ሙሉ ቡድን በአንድ ጨዋታ 13 ኳስ ቢያባክን አሰልጣኙ የሚደሰትበት ነገር አይደለም። እዚህ ግን ያባከነው አንድ ሰው ነው፣ ያውም ኳስ እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ጋርድ። ዴቪድሰን ከኋላ ተነስቶ 81 ለ77 ማሸነፉና ልጁም 15 ነጥብ ማስቆጠሩ ነገሩን ትንሽ ቢያለዝበውም፣ በዚያ ምሽት አሰልጣኝ ቦብ ማኪሎፕ ፊት የቆመው ጥያቄ አንድ ነበር። ይህ ልጅ ነገ ይሰለፋል ወይስ ይቀመጣል?

ማኪሎፕ አሰለፉት። ተጋጣሚው ደግሞ ከትናንቱ የባሰ ነበር፤ ትልቁ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ። ዴቪድሰን ተሸነፈ። ትናንት 13 ኳስ ያባከነው ልጅ ግን 32 ነጥብ አስቆጠረ፣ 9 ሪባውንድም ሰበሰበ።

የልጁ ስም ስቴፈን ከሪ ነው። ዛሬ ይህን ስም የማያውቅ የቅርጫት ኳስ ተመልካች የለም። 4 የኤንቢኤ ዋንጫ፣ 2 ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ በሦስት ነጥብ ብዛት የሁሉም ዘመን ቁንጮ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ። ይህ ሁሉ ብዙ የተወራለት ታሪክ ነው። ብዙም የማይወራው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማንም ያልፈለገው ልጅ በአንዲት ትንሽ ኮሌጅ ያሳለፋቸው ሦስት ዓመታት።

የኳስ ልጅ፣ ግን ትንሽ ልጅ

ከሪ ከኳስ ቤት ነው የተወለደው። አባቱ ዴል ከሪ በኤንቢኤ ረጅም ዘመን የተጫወተ፣ በተለይ ለሻርለት ሆርኔትስ ከ1988 እስከ 1998 ከርቀት በመጣል የታወቀ ሰው ነው። እናቱ ሶንያ ደግሞ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መረብ ኳስ ተጫውታለች። እንዲህ ዓይነት ቤት የተወለደ ልጅ መንገዱ የተጠረገለት ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያ እናትየው ቀልድ አታውቅም። ልጁ በመለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የመጀመሪያ ጨዋታው ሊደርስ ሲል ሳህን ባለማጠቡ ብቻ ከጨዋታው እንዳስቀረችው ከሪ ራሱ ካደገ በኋላ ተናግሯል። ለቡድን ጓደኞቹ ሄዶ "ሳህን ስላላጠብኩ ዛሬ አልጫወትም" ማለት ለአንድ ልጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት!

ሁለተኛው ችግር ቁመቱ ነው። ከሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ ትንሽ ነበር፣ ጉልበትም አልነበረውም። ኳሱን ከትከሻው በላይ አንስቶ መጣል ስለማይችል ከሆዱ አካባቢ እየወረወረ ነበር የሚያስገባው። ይገባለታል። ግን አባቱ አንድ ነገር ታየው። ልጁ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ሲደርስ እንዲህ ዝቅ ብሎ የሚነሳ ኳስ በረጃጅም ተከላካዮች እጅ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ የክረምት እረፍት አባትና ልጅ ሜዳ ወርደው አወራወሩን ከሥሩ አፈረሱት።

ይህ በወሬ ቀላል ነው። በተግባር ግን ልጁ ለሳምንታት ከቅርጫቱ ሥር ርቆ መጣል አቃተው። ከዚያ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስገባው ኳስ ቀለበቱን እንኳ አልነካ አለ። አልቅሷል፣ ቅርጫት ኳስን ጠልቷል። በመጨረሻ ግን አዲሱ አወራወር ከእጁ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ በየሰፈሩ ያለ ልጅ ሊኮርጀው የሚሞክረው ያ ፈጣን አጣጣል የተወለደው ከዚያ የለቅሶ ክረምት ነው።

"ከፈለግህ ና፣ ስኮላርሺፕ ግን የለም"

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ስፖርት እንደ እኛ ሀገር የዩኒቨርሲቲዎች ፌስቲቫል ለሳምንት ታይቶ የሚበተን ነገር አይደለም። አዳራሽ ይሞላል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ የኤንቢኤ መልማዮች እዚያ ቁጭ ብለው ያያሉ። አንድ ጎበዝ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች "ተማርልን፣ ተጫወትልን፣ ወጪህን እኛ እንችላለን" እያሉ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ።

ወደ ከሪ ቤት ግን ከትልልቆቹ ማንም አልመጣም። ልጁ የሚመኘው አባቱ የተጫወተበትን፣ እናቱ የተጫወተችበትን ቨርጂኒያ ቴክን ነበር። ቨርጂኒያ ቴክ ያቀረበለት ግን ያለ ስኮላርሺፕ መጥቶ እንዲሞክር ብቻ ነው። የአባቱ ስም እዚያ ግቢ ውስጥ የተከበረ ሆኖ ሳለ ልጁ "ከፈለግህ ና" ተባለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 183 ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት፣ 73 ኪሎ ገደማ ክብደት። ለሰፈር ጨዋታ በቂ ነው፣ ለትልቅ ኮንፈረንስ ግን "ይሰበራል" የሚባል ዓይነት።

ሲሪንቃ አካባቢ ያለ ገበሬ ይህን ነገር ከማሽላው ያውቀዋል። በመርሳና በወልዲያ መካከል ባለችው በዚህች ከተማ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር ቆላ የሚሆን፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ሲያወጣ ኖሯል። ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ገበሬው ደግሞ ረጅሙን ይወዳል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆነዋላ! ሲያዩትም ያምራል። ዝናቡ ቀድሞ የተቋረጠ ዓመት ግን ፍሬ ይዞ የሚጠብቀው አጭሩ ነው። የአሜሪካ መልማዮችም አገዳውን ለኩ እንጂ ፍሬውን አልጠበቁም።

የጠበቀ አንድ ሰው ነበር። ቦብ ማኪሎፕ ከሪን የሚያውቁት ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ከልጃቸው ጋር በአንድ የቤዝቦል ቡድን ይጫወት ነበር። በኋላ ወጣቶች ሲጫወቱ ሊያዩት በሄዱ ጊዜ ከሪ ኳስ ሲስት፣ ሲቀማ አዩ። ግን ሌላም ነገር አዩ። ልጁ ሲሳሳት ዳኛ ላይ አይጮህም፣ ጓደኛውን አይሳደብም፣ አንገቱን አይደፋም። ተቀይሮ ሲወጣም የተቀመጡትን ያበረታታል። አሰልጣኙ የወሰኑት በዚህ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ለዴቪድሰን የቀድሞ ተማሪዎች "ይህን ልጅ ቆይታችሁ እዩት፣ የተለየ ነው" ብለው እንደነበር ይነገራል።

ዴቪድሰን በሰሜን ካሮላይና ከሻርለት ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ በ1837 የተቋቋመ ኮሌጅ ነው። በዚያ ዘመን የተማሪው ብዛት 1700 ገደማ ብቻ ነበር። በትምህርቱ የተከበረ ነው። በቅርጫት ኳስ ግን ከ1969 ወዲህ እስከዚያ ድረስ በብሔራዊው ውድድር አንድም ጨዋታ አላሸነፈም ነበር። ማኪሎፕ ለተጫዋቾቻቸው ሦስት ቃላት ያስተምሩ ነበር፤ መተማመን፣ መሰጠት፣ መተሳሰብ። ከሪ በኋላ የእነዚህን ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት በንቅሳት እጁ ላይ አኑሯቸዋል።

የመጀመሪያው ዓመት

እንግዲህ 13 ኳስ ያባከነው ልጅ እዚህ ነው የገባው። በቀጣዩ ቀን በሚቺጋን ላይ ካስቆጠረው 32 ነጥብ በኋላ ማንም ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው አልደፈረም። በመጀመሪያ ዓመቱ በአማካይ 21.5 ነጥብ በየጨዋታው አስቆጠረ። በመላው አሜሪካ ካሉ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የበለጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቴክሳሱ ኬቨን ዱራንት። በሦስት ነጥብ ብዛትም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሪከርድ ሰበረ። ዴቪድሰን 29 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ ወደ ብሔራዊው ውድድር አለፈ።

ይህ ውድድር አሜሪካኖች "የመጋቢት እብደት" የሚሉት ነው። በዚያን ጊዜ 65 ቡድኖች ይገቡበት ነበር። ጥሎ ማለፍ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል። በማርች 2007 ዴቪድሰን ከሜሪላንድ ተገናኘ። ከሪ 30 ነጥብ አስቆጠረ። አልበቃም፤ 82 ለ70 ተሸነፉ። በዚያው ክረምት ከሪ ለአሜሪካ ከ19 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ሰርቢያ ላይ የብር ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ። ለዴቪድሰን ግን ዋናው ነገር ገና ነበር።

መጋቢት 2008

ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ማኪሎፕ ከትልልቆቹ ጋር ሆን ብለው ጨዋታ ያዙ። ሰሜን ካሮላይና፣ ዱክ፣ ዩሲኤልኤ። በሦስቱም ተሸነፉ። ዴቪድሰን ከመጀመሪያ 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው 4 ብቻ ነበር። "ያለፈው ዓመት ዕድል ነበር" ያሉ አልጠፉም። ከዚያ በኋላ ግን ዴቪድሰን መሸነፍ አቆመ። በኮንፈረንሱ 20 ተጫውቶ 20ውንም አሸነፈ። ብሔራዊው ውድድር ሲደርስ 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ያም ሆኖ በምድቡ የተሰጠው ደረጃ 10ኛ ነው።

ማርች 21፣ ራሌይ ከተማ። ተጋጣሚው 7ኛ ደረጃ የተሰጠው ጎንዛጋ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ዴቪድሰን በ11 ነጥብ ሲመራ ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ከዚያ ከሪ ተነሳ። በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 30 ነጥብ! በጠቅላላ 40። ከሦስት ነጥብ መስመር 10 ጥሎ 8 አስገባ። 82 ለ76። ዴቪድሰን ከ39 ዓመት በኋላ በብሔራዊው ውድድር አሸነፈ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጆርጅታውን መጣ። በምድቡ 2ኛ ደረጃ ያለው፣ ተከላካዮቹ እንደ ግንብ የቆሙ ቡድን። ከሪን አንቀው ያዙት፤ በመጀመሪያው አጋማሽ 5 ነጥብ ብቻ። ልዩነቱ 17 ነጥብ ደረሰ። ለመሆኑ በ17 ነጥብ እየተመራ፣ ኮከቡ ታስሮ፣ ማን ያሸንፋል? ከሪ በሁለተኛው አጋማሽ 25 ነጥብ አስቆጠረ። 74 ለ70 አለቀ። ራሌይ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ጨዋታ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ሁሉ በአንድ ምሽት የዴቪድሰን ደጋፊ ሆኑ።

ቀጣዩ ጨዋታ ዲትሮይት ነበር፤ ለተማሪ ሩቅ መንገድ ነው። የኮሌጁ የቦርድ አባላት ግን ገንዘብ አዋጥተው ለተማሪዎቹ አውቶቡስ፣ መኝታና የመግቢያ ቲኬት ከፈሉላቸው። የዴቪድሰን ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ፎርድ ፊልድ በተባለው ግዙፍ ስታዲየም ደረሱ። በዚያ ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ መካከል ሌብሮን ጄምስም ተቀምጧል። ከሪና ሌብሮን የተወለዱት በአክረን ከተማ በአንድ ሆስፒታል ነው፤ ሌብሮን ደግሞ ያን ቀን የመጣው ልጁን ለማየት ነበር። ከሪም አላሳፈረውም። ዊስኮንሲን ላይ 33 ነጥብ፣ ውጤቱ 73 ለ56።

አሁን አራቱ የመጨረሻ ቡድኖች ውስጥ ለመግባት አንድ ጨዋታ ቀርቷል። ተጋጣሚው ካንሳስ ነው። 59 ለ57 ካንሳስ እየመራ ኳሱ በከሪ እጅ ነበር፣ ሰዓቱም እየተጠናቀቀ። አገሩ ሁሉ እሱ እንደሚጥል ያውቃል፤ የካንሳስ ተከላካዮችም ያውቃሉ። ሁለት ሆነው ዘጉበት። ከሪ ኳሱን ለጄሰን ሪቻርድስ አቀበለ። ሪቻርድስ ማንም አይደለም፤ በዚያ ዓመት በመላው አሜሪካ ጎል የሚሆን ኳስ በማቀበል አንደኛ የነበረ፣ ለሁለት ዓመት ከሪን ሲያበላ የኖረ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከሩቅ ጣለ። ኳሷ ሳትገባ ቀረች። አለቀ።

ካንሳስ ከዚያ ሄዶ ዋንጫውን በላ። ከሪ በዚያ ጨዋታ 25 ነጥብ አስቆጥሮ፣ በአንድ ዓመት 162 ሦስት ነጥብ በማስገባት የኮሌጆችን ሪከርድ ሰብሮ፣ ቡድኑ ተሸንፎም የምድቡ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያቺን የመጨረሻ ኳስ ራሱ ቢጥላትስ? እያሉ እስከዛሬ የሚከራከሩ አሉ። ግን 13 ኳስ ሲያባክን ያላባረሩት ሰዎች ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ሁለት ሰው ከያዘህ ነፃ የሆነ ጓደኛ አለህ፤ ለእሱ ስጥ።

ዜሮ ነጥብና 78 ለ48

ሦስተኛው ዓመት ላይ ሪቻርድስ ተመረቀ። ከሪ ከነጥብ አስቆጣሪነት በተጨማሪ ጨዋታ የማደራጀቱን ሥራ ተረከበ። ኦክላሆማ ላይ 44 ነጥብ አስቆጠረ። በአማካይ 28.6 ነጥብ በመያዝ የመላው አሜሪካ የኮሌጅ አስቆጣሪዎች አንደኛ ሆነ።

ከዚያ ዓመት ግን አንድ ጨዋታ ለብቻው መነገር አለበት። በኖቬምበር 2008 የሜሪላንዱ ሎዮላ አሰልጣኝ አንድ ዘዴ አመጡ፤ ኳስ የትም ትሁን የት፣ ሁለት ሰው ከከሪ እንዳይለይ። ሌላ ተጫዋች ቢሆን ይናደድ ነበር። ያውም የሀገሪቱ አንደኛ አስቆጣሪ! ከሪ ግን ሁኔታውን አይቶ ወደ ሜዳው ጥግ ሄደና ቆመ። ሁለቱ ተከላካዮችም አብረውት ቆሙ። ዴቪድሰን 4 ለ3 መጫወት ጀመረ። ከሪ ዜሮ ነጥብ። ዴቪድሰን 78፣ ሎዮላ 48። እንዲህ ነው እንግዲህ ጥግ ቆሞ ማሸነፍ።

ያ ዓመት በዋንጫ አላለቀም። በኮንፈረንሱ ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፈው ወደ ትልቁ ውድድር ሳያልፉ ቀሩ። ከሪ በሦስት ዓመት 2635 ነጥብ፣ የኮሌጁን ሪከርድ ይዞ፣ አራተኛውን ዓመት ሳይማር ወደ ኤንቢኤ ለመሄድ ወሰነ። እዚያም "ትንሽ ነው" የሚለው ወሬ ተከተለው። በ2009 ምርጫ ሚኒሶታ 5ኛውንም 6ኛውንም ዕድል ይዞ ነበር፤ በሁለቱም ጋርድ መረጠ፣ ሪኪ ሩቢዮንና ጆኒ ፍሊንን። ከሪን አልፎት! 7ኛ የነበረው ጎልደን ስቴት አነሳው። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

የቀረው ዕዳ

ከሪ ከዴቪድሰን ሲወጣ ለእናቱና ለአሰልጣኙ ትምህርቱን እንደሚጨርስ ቃል ገብቶ ነበር። ዴቪድሰን ደግሞ ያልተመረቀ ተጫዋች ማሊያ ሰቅሎ አያከብርም። የፈለገ ዝነኛ ይሁን፣ ሕጉ ሕግ ነው። ስለዚህ የዓለም ኮከብ የሆነው ሰው 30 ቁጥር ማሊያው ለዓመታት ሳይሰቀል ቆየ። ከሪ በመጨረሻ የቀሩትን ኮርሶች ጨርሶ በ2022 በሶሲዮሎጂ ዲግሪውን ያዘ። ኦገስት 31 ቀን ኮሌጁ ለእሱ ብቻ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅቶ ዲፕሎማውን ሰጠው፣ ማሊያውንም ሰቀለው። አሰልጣኝ ማኪሎፕም በዚያው ዓመት ከ33 የውድድር ዘመን በኋላ ጡረታ ወጡ።

ይህን መንገድ ለእኛ ቅርብ የሆነ ሰውም ሄዶበታል። እናቱ ከኢትዮጵያ ተሰድዳ ናይሮቢ የተወለደው፣ ሚኒሶታ ያደገው ኑኒ ኦሞት በሁለተኛ ዲቪዚዮን ኮንኮርዲያ ጀምሮ፣ በኢንዲያን ሂልስ ኮሌጅ አልፎ ነው ትልቁ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የደረሰው። እሱ ጋርድ አይደለም፣ ረዘም ያለ የክንፍ ተጫዋች ነው። ግን እሱንም ትልልቆቹ መጀመሪያ አላዩትም። በ2023 ከአል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ወስዶ የውድድሩ ኮከብ ተባለ፤ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ።

ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. በስሟ የሚነገር ትልቅ ስታዲየም አግኝታለች፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ሜዳ መኖሩ ደግ ነው። ግን የዴቪድሰን ታሪክ የሚነግረን ሜዳው ብቻውን ተጫዋች እንደማያወጣ ነው። ከመርሳም ይሁን ከሲሪንቃ አንድ ቀጭን ልጅ ለሙከራ መጥቶ በመጀመሪያው ቀን ኳስ ሊያባክን ይችላል። ቁመቱን ለክቶ፣ ስህተቱን ቆጥሮ መሸኘት ቀላል ነው። በሚቀጥለው ቀን የሚሆነውን የሚያየው ግን ያላባረረው አሰልጣኝ ብቻ ነው።